ቅንጬ አረም ሲያብብ፦ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወቅታዊ አለርጂን በቤት ውስጥ እንዴት እናስታግስ?

ክረምቱ ወጥቶ ማሳው ማሸት ሲጀምር፣ ሀብሩ ውስጥ ሱብሒ ሰግዶ የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሶላቱ ገና ከመጠናቀቁ ከየሶፉ ማስነጠስ ይሰማል። አንዱ «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል፤ ጎኑ የተቀመጠው «የርሐሙከላህ» ብሎ ይመልስለታል። ማስነጠሱ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ግን መላሹም ይደክመዋል። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ አንድ ሰው አስነጥሶ ዱዓ ካደረጉለት በኋላ ደግሞ ሲያስነጥስ ሰውየው ጉንፋን እንደያዘው ተናግረዋል። እኛም ደጋግሞ የሚያስነጥስን ሰው «ጉንፋን ይዞሃል» ማለት ልማዳችን ነው።

ችግሩ ያ ሰው በየዓመቱ በዚያው ወር፣ ለሁለትና ሦስት ወር የሚያስነጥስ ከሆነ ነው። ጉንፋን በአብዛኛው ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና ቁርጥማት አብረውት ይመጣሉ፤ ንፍጡም እየቆየ ይወፍራል። አለርጂ ትኩሳት የለውም። ንፍጡ እንደ ውኃ ቀጭን ነው፣ አፍንጫና ዓይን ያሳክካል፣ አንዳንዴም ላንቃና የጆሮ ውስጥ ሳይቀር ይበላል። ማስነጠሱ አንድ ጊዜ ከጀመረ አምስት ስድስቴ ይከታተላል፤ ጠዋት ይብሳል። ይህን ሁሉ ብዙዎቻችን «ሳይነስ» ወይም «ምች» ወይም «ብርድ» ብለን እናልፈዋለን። ከዚያ ወይ ዳማከሴ እናሻለን፣ ወይ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን እንገዛለን። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ አለርጂን አይነካም። ሳምንት ተውጦ «አላዳነኝም» የሚባለው ለዚህ ነው።

አለርጂ ማለት የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትበት ነው። የአበባ ብናኝ በራሱ በሽታ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ቀኑን ሙሉ ይተነፍሰዋል፣ ምንም አይሆንም። አለርጂ ያለበት ሰው አፍንጫ ውስጥ ሲያርፍ ግን ሴሎቹ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። የሚያሳክከው፣ የሚያስነጥሰው፣ ንፍጡን የሚያዘንበውና አፍንጫውን የሚደፍነው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ፦ አንድም ብናኙ እንዳይገባ ማድረግ ወይም የገባውን ማጠብ፤ አንድም ሂስታሚኑን መግታት። የቤት ውስጥ መላ ጠንካራ የሚሆነው በመጀመሪያው ላይ ነው።

በአካባቢያችን አየር ውስጥ ምን አለ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ዓደይ አበባን ነው። በመስከረም ስለምትፈካና ስለምትታይ ብቻ ስሟ ይነሳል እንጂ ጥፋተኛ አይደለችም ማለት ይቻላል። የዓደይ አበባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ የሚያጓጉዘው ንብና ነፍሳት እንጂ ነፋስ አይደለም። አለርጂ የሚያስነሳው በአብዛኛው አበባው ለዓይን የማይሞላ፣ ብናኙ ግን በነፋስ የሚጓዝ ተክል ነው። ሣር አንዱ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ከሁሉም ይልቅ ልንጠረጥረው የሚገባ ሌላ አለ።

ከወልድያ ወደ መርሳ፣ ከዚያም ወደ ውርጌሳ የሚወስደውን አስፋልት ግራና ቀኝ ተመልከቱ። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል የሚመስል፣ ጫፉ ላይ የተከካ ቅንጬ የመሰለ ጥቃቅን ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ሲያድግ ከሰው ወገብ የሚያልፍ አረም አለ። ቅንጬ አረም ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ይባላል። ትውልዱ ከመካከለኛው አሜሪካና ከሜክሲኮ አካባቢ ነው። ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ የሚነገሩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ በኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከወታደር ተሽከርካሪ ጋር፣ ሌላው በድርቁ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር ገባ የሚል ነው። ወደ ሕንድም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከውጭ ከመጣ እህል ጋር እንደገባ ይነገራል። በሐረርጌ «ፋራምሲሳ» ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ እንደማለት ነው። የማሽላና የጤፍ ማሳው የተወረረበት ገበሬ ስሙ ለምን እንደወጣ አይጠፋውም። ከብት ሲበላው ወተቱ ይመርራል።

ለአለርጂ ይህ አረም ሦስት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ብናኙ አፍንጫን፣ ዓይንንና ሳንባን ያስቆጣል። ሁለተኛ፣ ግንዱና ቅጠሉ ላይ ያሉት ደቃቅ ፀጉሮች ፓርቴኒን የሚባል ኬሚካል ስላላቸው የነካው ሰው ቆዳ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ቆይቶም ይሰነጣጠቃል። በሕንድ ገበሬዎች ላይ ለዓመታት ሲጠና የኖረ የቆዳ በሽታ ነው። ሦስተኛ፣ ወቅት አይጠብቅም። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይበቅላል፤ ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ያብባል፤ አንዱ ተክል ዐሥር ሺህና ከዚያ በላይ ዘር ይጥላል። ሀብሩ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ከመስከረም እስከ ኅዳር ታምሞ፣ ትንሽ አርፎ፣ የበልጉ ዝናብ ከጣለ በኋላ እንደገና የሚያስነጥሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን አረም በደቦና በዘመቻ መንቀል መልካም ነገር ነው፤ የሚነቀልበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። አብቦ ከነጣ በኋላ፣ ባዶ እጅ፣ ሕፃናት ጭምር ተሰልፈው ይነቅሉታል። በዚያ ሰዓት መንቀል ብናኙን አንስቶ ፊት ላይ መበተን ነው፤ ዘሩንም ማራገፍ ነው። የሚነቀለው አበባ ከማውጣቱ በፊት፣ ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲለሰልስ፣ ከነሥሩ ነው። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጅ ላይ ማሰር ከባዶ እጅ ይሻላል። እጅጌ ረጅም ልብስ ይለበስ፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። እየነቀሉ ፊትን አለመንካት፣ ሲጨርሱ እጅና ክንድን በሳሙና መታጠብ፣ ልብሱን ቤት ውስጥ ከመስቀል ይልቅ ወዲያው ማጠብ ነው። አስም ያለበት ሰው ከዘመቻው ቢቀር ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ውኃ አምጥቶ ቢያግዝ ይበቃል። ያበበውን ከምሮ ማቃጠልም ጭሱን ለመንደሩ ማካፈል ስለሆነ፣ ገና ያላበበውን ነቅሎ መቅበር የተሻለ ነው። ለመጥረጊያ ወይም ለጉዝጓዝ ወደ ቤት ማስገባት ደግሞ ጭራሽ አይሞከር።

አረሙ ብቻ አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ ማሽላና ጤፍ ሲወቃ፣ ገለባው በነፋስ ሲለይ፣ ከአውድማው የሚነሳው አቧራ የእህል ብናኝም ሻጋታም አለበት። አውድማ ላይ የዋለ ሰው ማታ ሲያስል የሚያድረው ለዚህ ነው። በነፋሱ አቅጣጫ በኩል አለመቆም፣ ፎጣውን እርጥብ አድርጎ አፍንጫ ላይ ማሰር፣ ቤት ሲገቡ ገላን ከፀጉር ጀምሮ መታጠብ ቀላል ቢመስሉም ብዙ ያግዛሉ። ኒቃብ ለምትለብስ እህት ጨርቁ የተወሰነ ብናኝ ያግድላታል። ያ ብናኝ ግን ጨርቁ ላይ ስለሚቀር፣ በዚህ ወቅት በየቀኑ ያልታጠበ ኒቃብ ቀኑን ሙሉ አለርጂውን አፍንጫ ሥር አስሮ እንደመዋል ነው።

አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ

ለአፍንጫ አለርጂ ከተሞከሩት መድኃኒት-አልባ መንገዶች ውስጥ ጥሩ ማስረጃ ያለው አንዱ፣ ርካሽም የሆነው፣ አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም በ2018 (እ.ኤ.አ.) የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያይ፣ በጨው ውኃ የሚታጠቡ ሰዎች ካልታጠቡት ይልቅ ሕመማቸው ሊቀልላቸው እንደሚችል፣ ጉልህ ጉዳትም እንዳልታየ ጽፏል። ማስረጃው ገና ጠንካራ እንዳልሆነም አልደበቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ተቀምጦ ሴሎቹን ከማስቆጣቱ በፊት ታጥቦ ይወጣል።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በየውዱኡ ኢስቲንሻቅ እናደርጋለን፤ ውኃ ወደ አፍንጫ ስበን በግራ እጃችን እናወጣለን። በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ በተዘገበው የለቂጥ ኢብን ሶቢራ ሐዲስ፣ ጾመኛ ካልሆንን በቀር ኢስቲንሻቁን ጠለቅ አድርገን እንድንፈጽም ተመክረናል። አለርጂ ያለበት ሰው ከማሳ ወይም ከገበያ እንደተመለሰ ውዱእ ቢያደርግ፣ ፊቱን፣ የዓይኑን ሽፋሽፍትና አፍንጫውን ካረፈበት ብናኝ ያጸዳል። ይሁንና ውዱእና የጨው ውኃ እጥበት አንድ አይደሉም። በውዱእ የምንጠቀመው ውኃ ጨው ስለሌለው ወደ ውስጥ ጠልቆ ሲገባ ያቃጥላል፤ እጥበቱ ደግሞ አፍንጫውን ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ብዙ ውኃ ይፈልጋል።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ ይፈላል። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ ቀድሞ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሙሉ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወረድ ብላ ያለችው መርሳ ዝቅተኛና ሞቃት ስለሆነች አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሦስት ቢሆንም ግን አይጎዳም። ከድኖ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ፣ ያልተቆለለ፣ ንጹሕ ጨው መጨመር ነው። ቢያቃጥል ጨዉን ትንሽ መቀነስ፣ ቤኪንግ ሶዳ ካለም በጣት ቁንጥጫ ማከል ይቻላል። መርፌ የሌለው ትልቅ አዲስ ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ወደ ፊት ጎንበስ፣ ጭንቅላትን ወደ ጎን ዘንበል፣ አፍን ከፈት ማድረግና በአፍ እየተነፈሱ ከላይ ባለው የአፍንጫ ቀዳዳ ቀስ ብሎ መጨመር ነው፤ ውኃው በሌላኛው ይወጣል። ወደ ጉሮሮ ቢወርድ ይተፋል። ሲጨርሱ በቀስታ መናፈጥ፤ አጥብቆ መናፈጥ ውኃውን ወደ ጆሮ ይገፋዋል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት ይበቃል። የተረፈው ውኃ ለነገ አይቀመጥም፤ ሲሪንጁም ታጥቦ ይደርቃል። ጆሮው ለሚያመው፣ አፍንጫው ለሚደማ ወይም ተረጋግቶ ለማይቆም ሕፃን አይደረግም።

«ለምን ይፈላል? ቧንቧው ንጹሕ ነው» የሚል ይኖራል። ሞቃት ውኃ ውስጥ የሚኖር ኔግሌሪያ የሚባል ደቃቅ ሕይወት ያለው ነገር አለ። በሆድ ቢገባ ምንም አያደርግም፤ በአፍንጫ ጠልቆ ከገባ ግን ወደ አንጎል ሊሻገር ይችላል፤ ያኔ የሚተርፈው ሰው በጣም ጥቂት ነው። በፓኪስታኗ ካራቺ ባለፉት ዓመታት የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ሐኪሞቹም ከዋና ባሻገር ውዱእ ሲደረግ በአፍንጫ የሚሳበውን ያልታከመ ውኃ ጠርጥረዋል። በሽታው እጅግ ብርቅ ነው፤ ውዱእ አድራጊ ሊፈራ አይገባም። ነገር ግን ፀሐይ ላይ በዋለ ሮቶ ወይም በኩሬ ውኃ አፍንጫን ጠልቆ ማጠብ ተገቢ አይደለም።

ማር፣ ጥቁር አዝሙድና ዳማከሴ

ሱረቱ-ን-ነሕል ላይ ስለ ማር ፈዋሽነት ተነግሯል፤ ስለ ጥቁር አዝሙድም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ አለ። ሙስሊም የሆነ ሰው እነዚህን ሲወስድ በእምነት ይወስዳል፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምንም አዘዋል፤ ስለዚህ «ለየትኛው ሕመም፣ ምን ያህል፣ ከምን ጋር?» ብሎ መጠየቅ ከእምነት የሚያጎድል አይደለም።

«የአካባቢህን ማር ብላ፤ የአካባቢህን አበባ ትለምዳለህ» የሚለው አባባል በብዙ አገር ይሰማል። ጉድለቱ ከላይ ያልነው ነው፤ ንብ የምትቀስመው አበባና አፍንጫችንን የሚያስቆጣው በነፋስ የሚጓዝ ብናኝ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ 36 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ የአካባቢ ማር ከአስመሳዩ ሽሮፕ የተለየ ጥቅም አላሳየም። በ2013 ከማሌዢያ የወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ 40 ሕመምተኞች የአለርጂ ክኒን እየወሰዱ ለአንድ ወር ብዙ ማር ሲጨምሩ የተሻለ እንደሆኑ ዘግቧል። የማሩ መጠን ግን በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ግራም ነበር፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 70 ግራም ይበላ ነበር ማለት ነው። ይህ ለስኳር በሽተኛ የሚሞከር አይደለም። ማር ለተላጠ ጉሮሮና ለደረቅ ሳል ማስታገሻነቱ ይበልጥ የተረጋገጠ ነው፤ ማታ አንድ ማንኪያ ለዚያ ይጠቅማል። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጣት ላይ እንኳ አይቀመስለትም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ገዳይ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

ጥቁር አዝሙድ ላይ በ2011 የታተመ፣ ኢራን ውስጥ 66 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ የማስነጠስ፣ የማሳከክና የአፍንጫ መታፈን መቀነሱን አሳይቷል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ጥናቱ ግን ትንሽ ነው። ለምግብ በሚደረገው ልክ፣ በዳቦም በማርም፣ መብላት አያሳስብም። ዘይቱን በብዛት መጠጣት ግን ሌላ ነው። የደም ስኳርና የደም ግፊት ሊቀንስ ስለሚችል የእነዚህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ እርጉዝ ሴትም ከምግብ መጠን አትለፍ። ዘይቱን አፍንጫ ውስጥ መጨመርም ይሰማል፤ ወደ ሳንባ ሊወርድ ስለሚችል አልመክረውም።

የጦስኝ ሻይ፣ ዝንጅብል፣ ትኩስ ሾርባ ንፍጡን ያቀጥናሉ፤ ጉሮሮን ያሳርፋሉ፤ ይጠጡ። ዳማከሴም ቢሸተት ጉዳት የለውም። የዳማከሴ ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አፍንጫ ውስጥ መጨመር ግን የተቆጣውን ሽፋን ማቃጠል ነው። ያን ጊዜ ብዙ ንፍጥ ሲፈስ «በሽታው ወጣ» ይባላል፤ የወጣው ግን ከቃጠሎው የመጣ ፈሳሽ ነው። ለሕፃናት በፈላ ውኃ እንፋሎት መታጠንም እንዲሁ፤ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ድስቱ ቢገለበጥ የሚያመጣው ቃጠሎ ግን ዕድሜ ልክ ይቀራል።

ቡናው፣ ዕጣኑና የመስጂዱ ምንጣፍ

እዚህ ላይ ወሎዬ ቅር እንዳይለው እየሰጋሁ ነው የምጽፈው። ቡና ያለ ዕጣን፣ ዱዓም ያለ ጭስ እንደማይደምቅ አውቃለሁ። ግን አፍንጫው የተቆጣ ሰው ጭስ ሲጨመርበት፣ የዕጣንም ይሁን የሰንደል ወይም የማገዶ፣ ይብስበታል። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ዕጣኑ ደጅ ላይ ቢጨስ ወይም በሩና መስኮቱ ቢከፈት ቡናው አይጎድልም። ለቡና የሚጎዘጎዘውን ትኩስ ሣርም የሚያስነጥሰው ሰው ካለ በዚያ ወቅት መተው ነው። ቡናው ራሱ ችግር የለበትም።

ሌላው ብዙ የማይነሳ ነገር ስጋጃና የመስጂድ ምንጣፍ ነው። በሱጁድ አፍንጫችን በቀጥታ ምንጣፉ ላይ ያርፋል። ምንጣፍ ውስጥ የሚከማቸው አቧራ፣ በውስጡም የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች ከታወቁት የአለርጂ ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። ከዝናብ በኋላ የሚረጥብ፣ ሳይደርቅ የሚቆይ ምንጣፍ ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። የመስጂዱ ኮሚቴ ምንጣፉን ቢያንስ በወር አንዴ አውጥቶ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ቢያሰጣና ደጅ ላይ ቢያራግፍ ትልቅ ሥራ ነው። ከጁሙዓ ሰዓታት ቀድሞ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ግን አቧራውን ለሰጋጁ አንስቶ መጠበቅ ነው፤ ከመጨረሻው ሶላት በኋላ ማታ ቢጠረግ አቧራው እስከ ሱብሒ ይረጋል። የራስን ስጋጃ ይዞ መሄድና በየሳምንቱ ማጠብ ለአለርጂ ሕመምተኛ ጥሩ ልማድ ነው።

ዓይን በቤት መላ አይታለፍም

ለማስነጠስ የቤት መላ ብንሞክርና ባይሠራ የምናጣው እንቅልፍ ነው። ለዓይን ግን እንደዚያ አይደለም። በየዓመቱ ዓይኑ የሚቀላ፣ የሚያሳክከው፣ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ፈሳሽ የሚያወጣ፣ ብርሃን የሚሸሽ ልጅ፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በላይ ያለ ወንድ ልጅ፣ ከባድ የሚባለው የዓይን አለርጂ ሊኖርበት ይችላል። እንደ እኛ ያለ ፀሐይና አቧራ የበዛበት አገር የሚወደው በሽታ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ቀዝቃዛ ነው፤ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ነክሮ የተጨፈነ ዓይን ላይ ማኖር፣ ኮፍያ፣ ከተቻለም የፀሐይ መነጽር። ልጁ ዓይኑን እንዳያሽ መምከር ዋና ነገር ነው፤ ለዓመታት አጥብቆ ማሸት የዓይኑን መስታወት ቅርጽ ሊያበላሽ ይችላል። ሎሚ፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ማር፣ የእናት ጡት ወተት ዓይን ውስጥ አይጨመርም።

በጣም የሚያስፈራው ደግሞ ከባህል መድኃኒት ሳይሆን ከመድኃኒት ቤት የሚመጣው ነው። ዴክሳሜታሶን ያለበት የዓይን ጠብታ በአንድ ቀን መቅላቱን ያጠፋል፤ እናትም ደስ ይላታል፤ ሲያልቅ ያው ብልቃጥ ያለ ማዘዣ ይገዛል። ይህ ስቴሮይድ ነው። ለወራት ሲጨመር የዓይን ውስጥ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሞራም ያመጣል። ግፊቱ አያምም፣ አይቀላም፤ ልጁ እስኪጋረድበት ድረስ የሚያውቅ የለም፤ በግፊት የጠፋ ዕይታ ደግሞ አይመለስም። ስቴሮይዱ ራሱ ክፉ አይደለም፣ የዓይን ሐኪም ለአጭር ጊዜ እየለካ ያዘዋል። ብልቃጡ ላይ ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ስም ካለ፣ ያዘዘው የዓይን ባለሙያ ካልሆነ፣ ልጁን ይዞ መሄድ ነው።

ደረት ሲያፍን

የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው አስም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል፣ ሲተነፍሱ ፉጨት የሚመስል ድምፅ፣ ደረት ላይ ድንጋይ እንደተጫነ መሆን የአስም ምልክቶች ናቸው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መሃል እየሰረጎደ የሚተነፍስ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ማርም አዝሙድም እየተሰጠው አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን በባጃጅ፣ በተገኘው መኪና ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይወሰዳል።

«የሚነፋ መድኃኒት ከጀመሩት ሱስ ይሆናል» የሚለው ወሬ ሰው እየገደለ ነው። የሚነፋው መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያው የሳንባ ቱቦዎችን ቁጣ ያበርዳል፤ ሳልቡታሞል ደግሞ በጭንቅ ሰዓት ቱቦውን ይከፍታል። ሳልቡታሞል ብቻውን በየቀኑ የሚፈለግ ከሆነ አስሙ አልተያዘም ማለት ነው፤ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል። ለልጆች መድኃኒቱ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ገንዘብ የማይጠይቅ መላ አለ፦ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ቂጡ ላይ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ይበሳል፤ መንፊያው እዚያ ገጥሞ ይነፋል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሞክሮ በመድኃኒት ቤት ከሚሸጠው ጋር የሚቀራረብ ውጤት አሳይቷል፤ የጤና ባለሙያ አንድ ጊዜ ቢያሳያችሁ ቤት ውስጥ ትሠሩታላችሁ።

ማስነጠሱ ሥራ ካስፈታ እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉ ክኒኖች አሉ። ክሎርፌኒራሚን የሚባለው የቆየው ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፤ ባጃጅም ሆነ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው አይውሰደው። በየዓመቱ «የአለርጂ መርፌ» ተብሎ የሚወጋው ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ስለሆነ፣ የስኳርና የግፊት ሕመምተኛ ምን እንደሚወጋ ሳይጠይቅ ክንዱን አይስጥ።

ረመዳን በእነዚህ ዓመታት በልግ መግቢያ አካባቢ እየዋለ ስለሆነ ጥያቄው ይነሳል። የአፍንጫ እጥበቱ ከኢፍጣር በኋላና ከሱሑር በፊት ይደረግ፤ ቀን ላይ ኢስቲንሻቁም ቀለል ይላል። በቀን ሁለቴ የሚነፋው መከላከያም በነዚሁ ሁለት ሰዓታት ይገጥማል። ቀን ላይ ጭንቅ መጥቶ ሳልቡታሞል ካስፈለገ፣ ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ኢብን ባዝና ኢብን ዑሠይሚን አያፈርስም ብለዋል፣ ሌሎች ቀዳእ እንዲወጣ ይላሉ። የሰፈራችሁን ዓሊም ረመዳን ሳይገባ ጠይቁት። መድኃኒቱን ግን በዚያች ሰዓት ነፍታችሁ ተንፍሱ፤ ቀዳእ ካስፈለገ ከዒድ በኋላ ይወጣል።